ደብተር ሰጠን፣ ፎቶ ተነሳን… ልጅቷስ 9ኛ ክፍል ገባች?



መስከረም ሲጠባ ስልካችን ላይ ምን እንደሚመጣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ የአደይ አበባ ስቲከር፣ ቀጥሎ የደብተር ማሰባሰቢያ ፖስት። «ለአንድ ልጅ አንድ ደርዘን ደብተር» ይላል፤ ከሥሩ የባንክ ቁጥር አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፎቶው ይለቀቃል፦ የገጠር ትምህርት ቤት ግቢ፣ በሰልፍ የቆሙ ልጆች፣ ደብተሩን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ መሃል ላይ ደግሞ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ የከተማ ወጣቶች። እኛም ሼር አድርገናል። እንደውም ከመሃላችን ቲሸርቱን ለብሶ ፎቶው ውስጥ የቆመ አለ፤ አንክድም።

ሰሞኑን ግን ከመካከላችን አንዱ በግሩፓችን ውስጥ አንድ ጥያቄ ጣለና ሁላችንንም ዝም አሰኘን፦ «የዛሬ ሦስት ዓመት ደብተር የሰጠናቸው ልጆች አሁን የት ናቸው?» ማንም አያውቅም። ፎቶው አለ፤ ስማቸውን እንኳ የመዘገበ ሰው የለም።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ የመጣ ነው። ስፖንሰር ማድረግ፣ ማለትም አንድን ልጅ በስም አውቆ ለዓመታት ሳያቋርጡ መደገፍ፣ የድሃ ገበሬ ልጅን ትምህርት ቤት ያቆያል ወይ? አጭሩ መልስ፦ አዎ፣ ያቆያል፤ ማስረጃም አለ። ግን ሁሉም ዓይነት ድጋፍ አያቆይም። ልዩነቱ የቱ ጋ እንደሆነ ደግሞ ብር የምናዋጣ ሰዎች ብናውቀው ጥሩ ነው።

«ትምህርት በነፃ አይደለም እንዴ?»

በየፖስቱ ሥር የማይጠፋ ኮመንት አለ፦ «መንግሥት ትምህርት ቤት እኮ በነፃ ነው፤ ችግሩ ወላጁ ስላልገባው ነው»። ግማሹ እውነት ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ጀምሮ ከ1ኛ እስከ 10ኛ ክፍል የትምህርት ክፍያ የለም። ግን ክፍያ የለም ማለት ወጪ የለም ማለት አይደለም። ዩኒፎርም አለ፣ ጫማ አለ፣ ደብተር አለ፣ የወላጅ መዋጮ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የልጁ ጉልበት አለ። ልጁ ክፍል ከገባ ከብቱን ማን ይጠብቃል? ልጅቷ ከሄደች ውሃውን ማን ይቀዳል፣ ሕፃኑን ማን ይይዛል? ኅዳር ላይ አጨዳ ሲደርስ ክፍሉ የሚሳሳው ወላጅ ትምህርት ስለሚጠላ አይደለም። እህሉ መሬት ላይ እየረገፈ ስለሆነ ነው።

ትልቁ ገደል ግን ሌላ ቦታ ነው።

አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዛሬ በአብዛኛው ቀበሌ አለ። ሁለተኛ ደረጃ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ወረዳ ከተማ ነው። ሚኒስትሪ ያለፈች የገጠር ልጅ 9ኛ ክፍል ለመግባት ወይ በየቀኑ ሁለት ሦስት ሰዓት በእግር መሄድ አለባት፣ ወይ ከተማ ቤት መከራየት።

ገጠር ተምራችሁ ያለፋችሁ ያንን ክፍል ታውቁታላችሁ። አራት አምስት ልጆች አንድ ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። መሬት ላይ ሰሌን ወይም የማዳበሪያ ጆንያ ተነጥፏል፤ ጥግ ላይ ጀሪካን፣ የከሰል ምድጃ፣ ስንቅ የያዘ ከረጢት። እሁድ ከሰዓት ከቤት ሲመለሱ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ትንሽ ሽሮ ተሸክመው ይመጣሉ። ሰኞና ማክሰኞ ጥሩ ነው። ሐሙስ ላይ ከረጢቱ ይቀላል። አርብ ከትምህርት በኋላ እንደገና በእግር ወደ ቤት፣ ቅዳሜ እርሻ ወይም እንጨት ለቀማ፣ እሁድ ስንቅ ይዞ መመለስ። በጋ ሙሉ እንዲህ ነው፤ ለአራት ዓመት፣ ከ9 እስከ 12።

አባትየው በዚህ መሃል ሂሳብ ይሠራል። ኪራይ በየወሩ ይከፈላል፤ የገበሬ ገቢ ግን በየወሩ አይመጣም፤ አንዴ ነው፣ እህል ሲሸጥ። ሁለት ልጅ በአንድ ዓመት 9ኛ ከደረሰ አንዱ ይቀራል፤ ማን እንደምትቀር ለመገመት ደግሞ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ሴት ልጅ ብቻዋን ከተማ ውስጥ ተከራይታ መኖሯ ራሱ ቤተሰቡን እንቅልፍ ይነሳል። መንገዱ አለ፣ አከራዩ አለ፣ የሰው አፍ አለ። እዚያው ሰሞን ሽማግሌ ከተላከ «አግብታ ትረፍ» የሚለው ነገር ለአባትየው ጭካኔ ሆኖ አይታየውም፤ መፍትሔ ነው የሚመስለው።

ሞዴስም አለ። ይህን በቁም ነገር ያነሳችው የመቀሌዋ ኢንጂነር ፍሬወይኒ መብራህቱ ናት፤ ታጥቦ ተመልሶ የሚሠራ ሞዴስ የሚያመርት ፋብሪካ ከፍታ በ2019 እ.ኤ.አ. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ ተሸለመች። ነገሩ ቀላል ነው፦ በወር ሦስት አራት ቀን የምትቀር ልጅ በዓመት ውስጥ ስንት ቀን እንደምትቀር ደምሩት።

እንግዲህ አንድ ደርዘን ደብተር ከዚህ ሁሉ ውስጥ የቱን ይሸፍናል? ደብተሩን ይሸፍናል።

ኬንያ ውስጥ የሆነው ነገር

ማስረጃውን ስንፈልግ በጣም ያስገረመን የምዕራብ ኬንያ ታሪክ ነው። በአንድ የሕፃናት ስፖንሰርሺፕ ፕሮግራም ውስጥ ዩኒፎርም የሚያገኙት ልጆች በዕጣ ተመረጡ። በዕጣ መሆኑ ለተመራማሪዎቹ ትልቅ ነገር ነው፤ የደረሰውና ያልደረሰው ልጅ ልዩነታቸው ዕድል ብቻ ስለሆነ ዩኒፎርሙ ራሱ ምን እንደሠራ በግልጽ ይታያል። ውጤቱ መጀመሪያ ላይ የሚያስጨበጭብ ነበር፦ ከትምህርት ቤት መቅረት በአማካይ በ37 በመቶ ቀነሰ፤ ከዚያ በፊት ዩኒፎርም ያልነበራቸው ልጆች ላይ ደግሞ በ55 በመቶ። አንድ ዩኒፎርም እኮ ነው!

ከስምንት ዓመት በኋላ ተመልሰው አዩ። የደረሱበት ክፍልም ሆነ አንደኛ ደረጃን መጨረሳቸው ዕጣው ካልወጣላቸው ልጆች የተለየ አልነበረም። ጥቅሙ ጠፍቷል።

እዚያው ምዕራብ ኬንያ ግን ሌላ ጥናት አለ። ኤስተር ዱፍሎ፣ ፓስካሊን ዱፓስ እና ማይክል ክሬመር በ2015 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው (ዱፍሎና ክሬመር በ2019 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልመዋል)። እዚህ ዩኒፎርሙ የተሰጠው አንደኛ ደረጃን ለመጨረስ ለተቃረቡ፣ 6ኛ ክፍል ለደረሱ ልጆች ነው፤ አንዴ ብቻም አይደለም፣ በመሃል ተደግሟል። ከሦስት ዓመት በኋላ ያቋረጡ ሴቶች ቁጥር ከ19 ወደ 16 በመቶ ወረደ። በለጋ ዕድሜያቸው ያረገዙ ሴቶች ቁጥርም እንዲሁ ከ16 ወደ 13 በመቶ ቀነሰ።

ሁለቱም ጋ የተሰጠው ዩኒፎርም ነው። እኛ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናነባቸው የገባን ይህ ነው፦ ልጁ ሊወጣ በተቃረበበት ሰዓት የደረሰና የተደገመ ትንሽ እርዳታ ይይዛል፤ አንዴ ተሰጥቶ የተረሳ ግን ልብሱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል።

በስም የሚታወቅ ልጅ

አሁን ወደ ዋናው ስፖንሰርሺፕ እንምጣ። «የፕሮጀክት ልጅ ነኝ» የሚል ጓደኛ ያላችሁ ብዙ ናችሁ ብለን እናስባለን። በአገራችን ብዙ ቦታ «ፕሮጀክት» ሲባል ውጭ አገር ያለ ሰው በየወሩ ብር እየላከ፣ ልጁ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰበ የሚማርበት፣ ሕክምና የሚያገኝበት፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ ለስፖንሰሩ ደብዳቤ የሚጽፍበት ነገር ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኮምፓሽን ኢትዮጵያ ውስጥ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናት ጋር ይሠራል።

ይህንኑ ድርጅት ብሩስ ዋይዲክ የተባለ ኢኮኖሚስት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በስድስት አገሮች አጠናው፤ ኡጋንዳ፣ ኬንያ፣ ሕንድ፣ ፊሊፒንስ፣ ጓቲማላና ቦሊቪያ። ኢትዮጵያ የለችበትም፤ የኬንያና የኡጋንዳ ገጠር ግን ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች መረጃ ተሰበሰበ፤ ልጅ ሆነው ሳይሆን አድገው፣ ሥራ ይዘው። ዘዴያቸው ብልህ ነበር። ፕሮጀክቱ አንድ መንደር ሲገባ ከ12 ዓመት በላይ የሆናቸውን ስለማይቀበል፣ ስፖንሰር የተደረገውን ልጅ በዕድሜ ምክንያት ካመለጠው የገዛ ታላቁ ጋር አነጻጸሩት። ቤት አንድ፣ ድህነት አንድ፣ ልዩነቱ ስፖንሰሩ።

ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ታተመ። ስፖንሰር የነበራቸው ልጆች ከ1 ዓመት እስከ 1 ዓመት ተኩል ገደማ የበለጠ ተምረዋል። ሁለተኛ ደረጃ የመጨረስ ዕድላቸው ከ10 የመቶኛ ነጥብ በላይ ከፍ ብሏል። አድገው የተሻለ ሥራ የመያዝ ዕድላቸውም እንዲሁ። አንድ ዓመት ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ ግን ያቺ አንድ ዓመት አንዳንዴ ከ8ኛ ወደ 9ኛ የምታሻግር ዓመት ናት።

ለምን ሠራ? ብሩ ብቻ አይመስልም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ከምክንያቶቹ አንዱ የልጁ ተስፋ እንደሆነ ጠረጠሩና ሌላ ጥናት ሠሩ። ጃካርታ ድሃ ሰፈር ውስጥ ላሉ ልጆች ባለቀለም እርሳስ ሰጥተው «ራሳችሁን ሳሉ» አሏቸው። ፕሮጀክት ውስጥ ያሉት ልጆች ሥዕል ደመቅ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ የደስታና የተስፋ ምልክቶቹም በዙ። ሥዕል በማየት ተስፋ ይለካል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ አንፈርድባችሁም። ግን ገጠር ያደገ ሰው ነገሩን ያለ ሥዕልም ያውቀዋል። ሰኞ ስትቀር ማክሰኞ ቤት መጥቶ «ለምን ቀረሽ?» የሚል ሰው ያላት ልጅና ማንም የማይጠይቃት ልጅ አንድ አይደሉም። ከብሩ ጋር አብሮ የሚመጣው እሱ ጥያቄ ነው፤ የደብተር ዘመቻ ያጣውም እሱን ነው።

የራሳችን አገር ማስረጃ

ውጭ ውጭ ብቻ እንዳንል፣ ከኛው አገር አንድ ጠንካራ ምሳሌ አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። «ብርሃን ሔዋን» ይባላል። በ2004 እ.ኤ.አ. አማራ ክልል፣ ሞሰቦ በምትባል የገጠር መንደር ተጀመረ። ዓላማው ልጃገረዶች ሳይዳሩ እንዲማሩ ነው። የተሰጠው ነገር ሲታይ ኢምንት ነው፦ ደብተርና እስክሪብቶ፣ በሴት አማካሪ የሚመራ የልጃገረዶች ቡድን፣ ከማኅበረሰቡ ጋር ውይይት። ወላጅ ልጁን በፕሮግራሙ ጊዜ ላለመዳር ቃል ይገባል፤ ሁለቱን ዓመት ከጨረሰች ለቤተሰቡ የቤት እንስሳ ይሰጣል፤ በግ ወይም ፍየል ዓይነት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጃገረዶች ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ሆነ። የማግባት ዕድላቸው ደግሞ አንድ አሥረኛ ብቻ። በኋላ ፕሮግራሙ ተስፋፍቶ ሲሞከር ከ15 እስከ 17 ዓመት ላሉት በዓመት ሁለት ዶሮ መስጠት ብቻውን ጋብቻን በግማሽ ቀነሰ። ሁለት ዶሮ!

ልብ በሉ፣ ዶሮዋና በጓ ስጦታ ብቻ አይደሉም። ለአባትየው «ልጅህ ትምህርት ቤት በመሆኗ ቤትህ ያጣውን እናውቃለን» የሚል መልስ ናቸው። ደግሞም ሁሉም አልተሳካም፤ በመጀመሪያው ሙከራ ከ15 እስከ 19 የነበሩት ላይ ጋብቻው አልቀነሰም፤ እንደውም ጨምሯል። የዘገየ ድጋፍ እንደዚህ ነው።

ስፖንሰሩ ሲያቋርጥስ?

እዚህ ላይ ነው የሚያሰጋው። ልጅቷ ከተማ ቤት ተከራይታ 10ኛ ክፍል ደርሳለች እንበል። ስፖንሰሩ ሥራውን ለቀቀ፣ ወይ ሰለቸው፣ ወይ ድርጅቱ ከአገር ወጣ። በ2017 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። መንግሥት ከውጭ በሚገባ ገንዘብ ላይ ያወጣው ቁጥጥር ስለጠበቀ ኮምፓሽን ሥራውን ዘግቶ ወጣ፤ ከ140 ሺህ በላይ ልጆች በአንድ ጊዜ ስፖንሰር አጡ። ልጆቹ ምንም አላጠፉም።

እኛም አገር የውጭ እጅ ምን ያህል እንደሚታመን ባለፈው ዓመት አይተናል። የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በይፋ ሲዘጋ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የአሜሪካ እርዳታ ስትቀበል የነበረች አገር ናት የደነገጠችው። የግለሰብ ስፖንሰርሺፕ ከዚያ የተለየ ኪስ ነው፤ ግን የምግብና የጤና ድጋፍ የቀረበት ቤት ልጁን ከትምህርት ቤት ለማስቀረት ይበልጥ ይቀርባል።

የምንዛሪውም ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ከውጭ በዶላር የሚደገፍ ልጅ በወረቀት ላይ ድጋፉ እጥፍ ሆነለት። በብር የሚደገፈው፣ ማለትም እኛ ያዋጣንለት፣ እዚያው ቀረ፤ የደብተርና የከሰል ዋጋ ግን አብሮት አልቆመም። ስለዚህ አገር ውስጥ ሆናችሁ «በወር ይሄን ያህል እልካለሁ» ብላችሁ ቃል የገባችሁ፣ ዓምና የላካችሁት ዘንድሮ ያንኑ አይገዛም።

ስሙ ያልተጻፈ ስፖንሰር

ስለ ስፖንሰር ስናወራ ነጭ ሽማግሌ ባልና ሚስት ነው ዓይናችን ላይ የሚመጣው። እስቲ በየመንደሩ ጠይቁ። ወሎም ሂዱ፣ ጅማም ሂዱ፣ ወንድሟን ከ9 እስከ 12 ያስተማረችው ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት። ራሷ ብዙ ጊዜ ከ7ኛ ወይም ከ8ኛ ያቋረጠች ናት። ኪራዩን የምትልከው እሷ፣ ስልክ ገዝታ የላከችው እሷ፣ «ተማር፣ እንደኔ እንዳትሆን» የምትለው እሷ። የሚገርመው ደግሞ እዚያ አገር «ስፖንሰር» የሚባለው ሌላ ሰው ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዷ በእጁ ያለ ካፊሏ። በየትኛውም የእርዳታ ሪፖርት ላይ የእሷ ስም የለም። ካፊሏ ደሞዟን ሲይዝባት፣ ሦስት ተራራ ባሕር ተሻግሮ ወረዳ ከተማ ውስጥ አንድ ልጅ ኪራይ ይጎድለዋል።

ከእሷ በፊትም የነበረ ልማድ አለ፤ ዘመድ ቤት ተጠግቶ መማር። ብዙ ዶክተርና ኢንጂነር በዚህ መንገድ ወጥቷል። ብዙ ሴት ልጅ ደግሞ «እናስተምራታለን» ተብላ መጥታ ሠራተኛ ሆና ቀርታለች፤ ቀን ልብስ አጥባ ማታ ክፍል ውስጥ የምታንቀላፋ። ከዚያም በፊት የቆሎ ተማሪ ነበር፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲቆም መንደሩ ሁሉ ተካፍሎ ያበላው። አንድ ተማሪን ብዙ ቤት ተከፋፍሎ መያዝ እንግዲህ ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም።

ስፖንሰር የማይፈታው

መታመን ስላለበት እንናገር። ትምህርት ቤት መቆየትና መማር ይለያያሉ። የ12ኛ ክፍል ፈተናን 50 በመቶና ከዚያ በላይ አምጥተው ያለፉት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። ያቺ ስንቋን ተሸክማ አራት ዓመት የተመላለሰች ልጅ መምህር የጎደለበት፣ መጽሐፍ በፒዲኤፍ ብቻ የደረሰበት ትምህርት ቤት ከሆነ የገባችው፣ ኪራዩን ስለከፈልንላት ብቻ አላገዝናትም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲገባ መጽሐፉ በቴሌግራም ሲዞር እኛ «አሪፍ ነው» ብለን ሼር አደረግን። ስልክ የሌለው ልጅ ፒዲኤፉን በምን ይክፈት?

ጦርነት ያለበት አካባቢ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው። ዩኒሴፍ ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 9 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደሆኑ ተናግሯል፤ ግጭት ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ነው። የተዘጋ ትምህርት ቤት በር በስፖንሰር አይከፈትም።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

በቡድናችን ውስጥ በዚህ ላይ ተጨቃጭቀናል። «ደብተርም ቢሆን ከምንም ይሻላል» ያለ አለ፤ ልክ ነው፣ ይሻላል። ግን ከገጻችን ተነስተን ማድረግ የምንችለውን ስናስብ እዚህ ደረስን።

አንደኛ፣ የልጆችን ፊት የሚያሳይ የደብተር ፎቶ ከዚህ በኋላ አንለጥፍም። ያ ልጅ የዛሬ አምስት ዓመት እሱም ቴሌግራም ይከፍታል። ክፍል ጓደኛው «ይሄ አንተ አይደለህ? ሲለምኑልህ» ሲለው ምን እንደሚሰማው እናንተ አስቡት።

ሌላው፣ ሃምሳ ልጅ ላይ የሚበተነውን ብር አንድ ወይም ሁለት ልጅ ላይ እንሰብስበው የሚል ነው። ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ አርባ ስምንቱ ምንም አያገኙም ማለት ነው፤ ጎረቤት ያያል፣ ወንድም ያያል። ለዚህ ነው ምርጫውን እኛ በፎቶ ሳይሆን መምህራኑና ወላጆቹ በጋራ፣ በግልጽ ማድረግ ያለባቸው። ከተቻለ ደግሞ አንድ ልጅ ከመያዝ አንድ ክፍል መያዝ ይሻላል፤ አምስት ልጆች የሚኖሩበትን ቤት ኪራይ ከከፈላችሁ አምስት ልጅ ይዛችኋል፣ ቅናትም የለም።

ሂሳቡን እኛ አንሠራላችሁም፤ ዋጋው ከቦታ ቦታ ይለያያል። የመጣችሁበት ወረዳ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ ደውሉና የአንድ ክፍል ኪራይ ስንት እንደገባ ጠይቁ። ከዚያ አምስት ጓደኛ ሁኑና አካፍሉት፤ እንደ እቁብ፣ በየወሩ። ዋናው ነገር ቃሉ ለአራት ዓመት መሆኑ ነው። አንዱ ቢያቋርጥ ሌሎቹ አራቱ እንዲሸፍኑ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ፤ ልጁ ማን እንዳቋረጠ ማወቅ የለበትም። ለአራት ዓመት እርግጠኛ ካልሆናችሁ አትጀምሩ፤ እንደዚያ ከሆነ ደብተሩ ይሻላል፤ ተስፋ ሰጥቶ 10ኛ ክፍል ላይ አያስቀርም።

ብሩ በአንድ ሰው የግል አካውንት አይሂድ። እኛንም ጨምሮ! ኪራዩን በቀጥታ ለአከራይ፣ ደረሰኙን ወይም ፊርማውን ለርዕሰ መምህሩና ለወላጅ ኮሚቴው። በ1998 እ.ኤ.አ. የቺካጎ ትሪቡን ጋዜጠኞች ራሳቸው ስፖንሰር ሆነው ተመዝግበው ልጆቹን ፍለጋ ሲሄዱ፣ አንዷ ልጅ ከሞተች ቆይታ በስሟ ብር ሲላክ እንደነበር አገኙ። ትልልቆቹ ድርጅቶች ላይ የደረሰ ነገር አምስት ጓደኛ ላይ አይደርስም ብለን አንምልም።

እኛ በበኩላችን ዘንድሮ አንድ የተከራዩ ልጆች ክፍል ይዘናል፤ ወረዳውንም ትምህርት ቤቱንም አንጠቅስም፣ ልጆቹ የኛ ፖስት አይደሉም። አጨዳ ሲደርስ፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ደውለን ስንቱ እንደቀረ እንጠይቃለን። የሰማነውን ቁጥር፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ እዚሁ ገጽ ላይ እንለጥፈዋለን።